ሪኮሉ ሰበታ ድረስ ለምን አይመጣም? ባለ ሞተሩስ ምን ያድርግ?

እ.ኤ.አ በየካቲት 2024 ያማሃ ህንድ ውስጥ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ስኩተሮችን መልሶ ጠራ፤ ሪኮል የሚባለው ይህ ነው። ሁለት ሞዴሎች ናቸው፣ ሁለቱም 125 ሲሲ። የተሠሩት ከጥር 2022 እስከ ጥር 2024 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። ችግሩ የፍሬን እጀታው ላይ ነበር። ባለቤቱ ብዙ አልተቸገረም። የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የሻንሲ ቁጥሩን (ሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር) ይጽፋል። ቁጥሩ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ በአቅራቢያው ወዳለ የአገልግሎት ማዕከል ይሄዳል። ዕቃው ይቀየርለታል፤ አንድ ሩፒ አይከፍልም።

አሁን ነገሩን ወደኛ ሰፈር እናምጣው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም መጨረሻ ልዩ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ከጎዳናዋ ካገደች ወዲህ ሞተር እንደልቡ የሚታየው ዳር ዳሩን ነው። ታክሲ በማይገባበት ኮረኮንች ሰው ያመላልሳል። ጤፍ ይጭናል፣ ጀሪካን ይጭናል፣ አንዳንዴም በግ ይጭናል። ከነዚህ ሞተሮች አንዱ ላይ ፋብሪካው ራሱ ያመነው ጉድለት ቢኖር ለነጂው ማን ይነግረዋል? እውነቱን ለመናገር፣ ማንም።

ይህ የሚሆነው አስመጪው ክፉ ስለሆነ ወይም ነጂው ግድ የለሽ ስለሆነ አይደለም። የሪኮል ሥርዓት የተሠራው አድራሻ ላለው ሞተር ነው። የኛ ሞተሮች ደግሞ ብዙዎቹ አድራሻ የላቸውም። ስለዚህ ጥሪው እስኪደርስ መጠበቅ አያዋጣም። ባለቤቱ ራሱ ሄዶ መፈለግ አለበት። እንዴት እንደሚፈለግ ከማየታችን በፊት ግን ጥሪው የት የት እንደሚጠፋ ማወቁ ይጠቅማል።

እርጅናና የፋብሪካ ስህተት

ሪኮል ማለት አምራቹ «ይህን ዕቃ ስሠራ ተሳስቻለሁ፣ ሰው ሊጎዳ ይችላል፣ አምጡትና ላስተካክል» ሲል ነው። የፍሬን ሸራ ማለቅ፣ የካቴና መላላት፣ የጎማ መላጥ ሪኮል አይደሉም። እነሱ እርጅና ናቸው፤ የባለቤቱ ወጪ ናቸው። ሪኮል የሚመለከተው ገና ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረን ስህተት ነው። ሞተሩ 500 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ ቢሆንም ስህተቱ አለ።

ሮያል ኤንፊልድ እ.ኤ.አ በግንቦት 2021 ያደረገው ጥሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለካንዴላ ብልጭታ የሚሰጠው ቦቢና ላይ ችግር ተገኘ። ሞተሩ እየሄደ ሊያንገጫግጭ፣ ጉልበት ሊያጣ፣ አልፎ አልፎም ሾርት ሊያደርግ ይችላል ተባለ። ኩባንያው ህንድን ጨምሮ በሰባት አገሮች የተሸጡ 236,966 ሞተሮችን ጠራ። ሁሉም የተሠሩት ከታኅሣሥ 2020 እስከ ሚያዝያ 2021 ባሉት ጥቂት ወራት ነው። ዕቃው መቀየር ያለበት ግን ከመቶ አሥር እንኳ በማይሞሉት ላይ እንደሆነ ኩባንያው ገምቷል። የትኞቹ እንደሆኑ ሳይፈተሽ ስለማይታወቅ ሁሉንም ጠራ።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ። «ሪኮል የወጣበት ሞተር አትግዛ» ይባላል። እኔ በተቃራኒው ነው የማስበው። ጥሪ የሚያወጣ አምራች የሸጠውን የሚከታተል አምራች ነው። ስንት ሞተር እንደሸጠ፣ የትኛው ቀን የተሠራው ላይ የትኛው ዕቃ እንደተገጠመ ያውቃል። አንድም ጥሪ አውጥቶ የማያውቅ ስም የለሽ ሞተር ጉድለት የሌለበት ሆኖ ሳይሆን የሚሰማው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ጥሪው የሚጠፋባቸው ቦታዎች

አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ጥብቅ ነው። አምራቹ ጉድለቱን ባረጋገጠ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በ60 ቀናት ውስጥ ለእያንዳንዱ ባለቤት በፖስታ ይጽፋል። ተሽከርካሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ 15 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጥገናው በነፃ ነው። ህንድም እ.ኤ.አ ከ2012 ጀምሮ በአምራቾች ፈቃደኝነት ይሠራበት የነበረውን አሠራር በ2019 በወጣ ሕግ አጠናክራለች። ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው ከሚያዝያ 2021 ወዲህ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ተሽከርካሪዎችን ይመለከታል። የኛ ሰፈር ሞተሮች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚያው ከህንድ ስለሆነ ይህን ማወቅ አይከፋም።

ደብዳቤው እንዲደርስ ግን ባለቤቱ መታወቅ አለበት። እኛ ጋ የመጀመሪያው መሰናክል እዚህ ነው።

ሞተር እንዴት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ገዢ ከአስመጪው ወይም ከሱቁ ይገዛል፤ ሊብሬው በስሙ ይወጣል። ዓመት ነድቶ በውክልና ለሌላ ይሸጣል። ያ ሰው ደግሞ በውክልናው ላይ ውክልና ጨምሮ ለሦስተኛ ሰው ያስተላልፋል። ስም ማዛወር ወጪ አለው፣ ወረፋ አለው፣ ክሊራንስ አለው። ስለዚህ ሁሉም «በኋላ» ይላል። በመጨረሻ ሞተሩ ለገጣፎ ነው፣ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ጅማ ነው፣ ስልኩም ከተቀየረ ቆይቷል። አስመጪው ቅን ሆኖ ቢደውል እንኳ የሚያነሳለት የለም።

ሁለተኛው መሰናክል ሞተሩ የገባበት በር ነው። የአምራቹ ወኪል ያስገባው ሞተር ቢያንስ መዝገብ ላይ አለ። አንድ ነጋዴ ከዱባይ ወይም ከሌላ ቦታ በኮንቴይነር ያመጣው ግን ለአምራቹ አሁንም ዱባይ ያለ ሞተር ነው። የሪኮል ዝርዝር ደግሞ በአገር በአገር ነው የሚወጣው። ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ የሚሠራ ሞዴል ህንድ ውስጥ በሌላ ስም ሊሸጥ ወይም ጭራሽ ላይሸጥ ይችላል። የህንዱን ዝርዝር አይታችሁ «የኔ የለም» ብላችሁ ብትተኙ ተሸውዳችኋል።

ሦስተኛውን መሰናክል ብዙ ሰው አያነሳውም። እኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። ሞተሩን የሚነዳው ሰውና የሞተሩ ባለቤት አንድ አይደሉም። ባለቤቱ ከተማ ውስጥ ሌላ ሥራ አለው። የሚነዳው ልጅ ሞተሩን ይዞ ሲሠራ ይውላል፣ ማታ የቀን ገቢ ያስገባል። ሞተሩ ጋራዥ ከዋለ ገቢ የለም። የልጁም ድርሻ የለም። እንግዲህ ጥሪው በነፃ ነው ቢባል ለማን ነው ነፃ? ከሰበታ ተነስቶ የአስመጪው ጋራዥ ድረስ መሄድ አለ። አዲስ አበባ መግባት የማይችል ታርጋ ከሆነ ሞተሩን በፒክአፕ መጫን አለ። ተራ መጠበቅ አለ። ዕቃው «ሳምንት ይመጣል» ሊባል ይችላል። ልጁ ይህን ሁሉ አስቦ ፍሬኑ ትንሽ ቢሰምጥም ዝም ይላል። ባለቤቱ ደግሞ አይነዳውም፣ መስመጡን አያውቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ መነጋገር ያለባቸው ሁለቱ ናቸው። ሞተሩ ለደህንነት ጥገና በሚቆምበት ቀን ገቢ አይጠየቅም ብሎ ቀድሞ መስማማት ይቻላል። ወጪው የባለቤቱ ይሁን። ይህን የምለው ለልጁ አዝኜ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሌላ ሰው ቢነዳውም ያው ነው። ሰው ከተጎዳ በኋላ ከሚመጣው ጣጣ የሁለት ቀን ገቢ ይሻላል።

የሻንሲ ቁጥሩን ማንበብ

ፍለጋው የሚጀምረው ከሻንሲ ቁጥር ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን አትመኑ፤ ከሞተሩ ላይ አንብቡ። አብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ማኑብሪዮው (እጀታዎቹ ያሉበት መሪ) የሚዞርበት የሻንሲው አንገት ላይ ተቀርጿል። ማኑብሪዮውን ወደ አንድ ወገን ጥግ ድረስ አዙሩት። ጭቃውንና የደረቀውን ግራሶ በቤንዚን በነከረ ጨርቅ ጥረጉት። ቁጥሩ ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ በእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ጥላው ፊደሎቹን ያወጣቸዋል። ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ከላቲን ፊደላት አይ፣ ኦ እና ኪው በፍጹም አይገቡበትም። ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ታወጣለች። ሊብሬያችሁ ላይ ኦ ተጽፎ ካያችሁ ጸሐፊው ዜሮውን ነው ኦ ያደረገው። በኦ ብትፈልጉ «እንዲህ ያለ ቁጥር የለም» ትባላላችሁ። እናንተም ሞተሬ ጥሪ የለበትም ብላችሁ ትሄዳላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች የተሠራበትን አገርና አምራቹን ይናገራሉ። በጄ የሚጀምር ጃፓን ነው። በኤል የሚጀምር ቻይና ነው። በኤም ጀምሮ ሁለተኛው ከኤ እስከ ኢ ካሉት ፊደሎች አንዱ ከሆነ ህንድ ነው። ሻጩ «ጃፓን ነው» እያለ ቁጥሩ በኤል ከጀመረ፣ ስለ ሪኮል ከማሰባችሁ በፊት ሌላ የምትነጋገሩት ነገር አለ ማለት ነው።

ቁጥሩን ይዛችሁ መጀመሪያ የአምራቹን ድረ ገጽ እዩ። ትልልቆቹ አምራቾች የሻንሲ ቁጥር ማስገቢያ አላቸው። ቀጥሎ አስመጪው ጋ ደውሉ። ስትደውሉ «ሪኮል አለ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። መልሱ «የለም» ሆኖ ስልኩ ይዘጋል። ይልቅ «ይህ ሻንሲ ቁጥር የደህንነት ጥሪ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ካለ ዕቃው እጃችሁ ላይ ነው? መልሱን በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ጻፉልኝ» በሏቸው። የተጻፈ መልስ ሰውን ጠንቀቅ ያደርገዋል። በዚያው አፍ ስማችሁንና ስልካችሁን ከሻንሲ ቁጥሩ ጎን እንዲመዘግቡ ጠይቁ። ለዚህ ስም ዝውውር አያስፈልግም፤ ነገ ጥሪ ቢወጣ የሚደወልለት ሰው ማወቅ ነው የሚጠቅማቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ሞተራችሁ ከተለያዩ ሞተሮች ዕቃ ተገጣጥሞ የተሠራ ከሆነስ? ፎርኬታው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ከሌላ፣ የኋላ ጎማው ከነሞዞው ከሌላ፣ ፍሬኑ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ከሆነስ? የሻንሲ ቁጥሩ ንጹሕ ሆኖ የተገጠመው ዕቃ ከተጠራ ሞተር የወለቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌ የፍሬን ወይም የመሪ ዕቃ ከገዛችሁ ዕቃው ላይ ያለውን ቁጥርም ፎቶ አንሱ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ፍሬንና ፎርኬታ ከተፈታ ሞተር ባይገዛ ይመረጣል። ሌላው ሌላው ይሁን።

ፍሬኑ ሲሰምጥ ዝም አይባልም

ከሪኮል ታሪኮች ሁሉ ለኛ መንገድ የሚቀርቡት የፍሬን ናቸው። ሁለቱን ልጥቀስ።

ሱዙኪ እ.ኤ.አ በ2013 በመላው ዓለም ከ210 ሺህ በላይ ጂኤስኤክስ-አር ሞተሮችን ጠራ። ከ2004 እስከ 2013 የተሠሩ የፍጥነት ሞተሮች ናቸው። ከፊት ፍሬን እጀታ ሥር ያለው ፓምፕ ውስጥ ፒስተኑ በፍሬን ዘይቱ እየተበላ ጋዝ ይፈጥር ነበር። ጋዙ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል። ዘይት አይጨመቅም፣ ጋዝ ግን ይጨመቃል። እጀታውን ስትይዙት ኃይሉ ጎማው ጋ ከመድረስ ይልቅ ጋዙን ሲጨምቅ ያልቃል። እጀታው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ሞተሩም ከሚቆምበት ቦታ አልፎ ይሄዳል።

ሁለተኛው የሃርሊ ዴቪድሰን ነው። እ.ኤ.አ በ2016 የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከባለቤቶች በደረሱት 43 አቤቱታዎች ተነስቶ ምርመራ ጀመረ። ኤቢኤስ (ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያላቸው ሞተሮች ፍሬናቸው ድንገት ይጠፋ ነበር። የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይቀየር ሲቆይ የኤቢኤሱ ቫልቮች ላይ ዝቃጭ እየተጣበቀ መሆኑ ታወቀ። ኩባንያው «ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ ብለን በመመሪያው ጽፈናል» ብሎ ተከራከረ። እውነት ነው፣ ጽፏል። ያም ሆኖ በ2018 ከ2008 እስከ 2011 የተሠሩትን ጠራ፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 175 ሺህ ገደማ ናቸው። ባለቤት ጥገና ቢዘነጋም ፍሬን ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲጠፋ ተደርጎ መሠራት የለበትም ነው ነገሩ።

ይህ ሁሉ ለሱሉልታ ሞተረኛ ምኑ ነው? ብዙ ነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ውሃ ሲጠጣ ግን የሚፈላበት ሙቀት ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዶት 3 ከሆነ ከ205 ወደ 140 ነው። አሁን ሁለት ሰው ጭናችሁ ከሱሉልታ በኩል የእንጦጦን ዳገት አልፋችሁ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁለቱን ስትወርዱ አስቡት። ፍሬን ሳይለቀቅ ተይዞ ነው የሚወረደው። ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል፣ ያረጀው ዘይት ይፈላል። የሚፈላ ነገር ጋዝ ነው። ውጤቱ ከሱዙኪው ጋር አንድ ነው፤ እጀታው ይሰምጣል። ታች ደርሶ ሲበርድ ደግሞ ይመለሳል። ነጂውም «ተሻለው» ይላል። አልተሻለውም።

ማኑብሪዮው ላይ ያለችውን የዘይት ዕቃ መስታወት እዩ። ዘይቱ እንደ ስስ ማር ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ሻይ ከጠቆረ ይቀየር። መካኒኩ ከተከፈተ የቆየ ጠርሙስ ካወጣ አዲስ ክፈትልኝ በሉት፤ በተከፈተ ጠርሙስ ውስጥ የቆየው ዘይትም ውሃ ጠጥቷል። ከተቀየረ በኋላም እጀታው ከሰመጠ ችግሩ ዘይቱ ላይ ላይሆን ይችላል፤ ፓምፑ ላይ ሊሆን ይችላል። የሪኮል ፍለጋ የሚጀመረውም ያኔ ነው። የታምቡር ፍሬን ብቻ ያለው ሞተር ግን በሽቦ ነው የሚሠራውና ይህ አይመለከተውም።

ጥሪው ውስጥ ካላችሁ

መጀመሪያ የሚለየው መንዳት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። አንዳንዱ ጥሪ «እስኪጠገን አትንዱ» ይላል። ካለ አለ ነው፤ ጋራዥ ድረስም ቢሆን አይነዳም፣ ተጭኖ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ የመብራት አንጸባራቂ ወይም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ነው፤ ተራችሁ እስኪደርስ መሥራት ትችላላችሁ። ጽሑፉ ግልጽ ካልሆነ እኔ የምለው ይህ ነው፦ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ የቤንዚን መፍሰስ ወይም ባትሪ ከሆነ አቁሙት።

ዕቃውን በራሳችሁ ሰፈር ጋራዥ ለማስቀየር አትቸኩሉ። የሰፈር መካኒክ እጁ ቢያምርም ተስተካክሎ የተሠራው አዲስ ዕቃ እሱ ጋ አይደርስም። ሱቅ ውስጥ ያለው ያው ጉድለት ያለበት የድሮ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ኮፒ። በገንዘባችሁ ችግሩን መልሳችሁ ትገጥማላችሁ። ከጥሪው በፊት ተበላሽቶ ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነም ደረሰኙንና የወለቀውን ዕቃ አትጣሉ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ቀድሞ የተከፈለ ወጪ የሚመለስበት አሠራር አለ። እዚህም ጠይቁ።

የአምራቹ ጥሪ የኛንም ገበያ የሚጨምር ከሆነ ዕቃውም የእጅ ዋጋውም ነፃ መሆን አለበት። «ዕቃው ነፃ ነው፣ ለሠራተኛ ክፈሉ» ከተባለ የጥሪውን ጽሑፍ አሳዩን በሉ። ሲጨርሱ ወረቀት ተቀበሉ። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የጥሪው ቁጥር፣ የተቀየረው ዕቃና ቀኑ ይጻፍበት፤ ማኅተም ይኑረው። ወረቀቱ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ። ሞተሩን ስትሸጡ ዋጋ ይጨምርላችኋል። ስትገዙም ይህንኑ ወረቀት ጠይቁ። የወለቀው ዕቃ ደግሞ እናንተው ፊት ይሰበር። እንዲህ ካልሆነ ነገ ሌላ ሞተር ላይ ይገኛል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ያላችሁ ለብቻ ስሙኝ። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ ይወራል፤ ሁለት እግር ያላቸውም እየበዙ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ በ2022 በመጋቢትና በሚያዝያ የኤሌክትሪክ ስኩተሮች በተከታታይ ሲቃጠሉባት አምራቾቹ ኦላ 1,441፣ ኦኪናዋ 3,215 ስኩተሮችን ጠርተዋል። እነዚህ ጥሪዎች ባትሪው ላይ ነው ያተኮሩት። የዳር ከተማ ኑሮ ደግሞ ይታወቃል። አንድ ክፍል ቤት ነው። ሞተሩ እንዳይሰረቅ ማታ ይገባል፣ በሩ ሥር ይቆማል፣ እዚያው ቻርጅ ይደረጋል። እሳት ቢነሳ መውጫው በር ያው ነው። ባትሪው የሚወልቅ ከሆነ ከበር ራቅ ብሎ፣ ከአልጋና ከምንጣፍ ርቆ፣ ሲሚንቶ ላይ ይሁን። ከሌላ ሞተር የተዋሳችሁትን ቻርጀር አትጠቀሙ። የባትሪ ጥሪ ከወጣ እስኪጠገን ድረስ ቤት ውስጥ ቻርጅ አታድርጉ።

ሕጉስ?

በአጭሩ፦ ሞተሩ አዲስ ከሆነ ጊዜ አታባክኑ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ዋስትናው ከዚህ የተሻለ ከሰጣችሁ በእሱ ትሄዳላችሁ። ደረሰኝ የሌለው ግን ምንም የለውም፤ «ያለ ደረሰኝ ይቀንስላችኋል» ሲባሉ የሚስቁ ሰዎች ይህን ያስቡበት።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2085 ደግሞ ለሕዝብ የሚሸጥ ዕቃ የሚሠራ አምራች ዕቃው በአግባቡ እያገለገለ ጉዳት ቢያደርስ ይጠየቃል ይላል። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ግን አይጠየቅም። እንግዲህ ዓመታዊ ምርመራውን በእጅ መንሻ አልፎ ቦሎ የለጠፈ ሰው ኋላ ፍርድ ቤት ምን ብሎ ሊከራከር ነው? ይህ የምርመራ ወረቀት ማለት እንግዲህ ለራስም ማስረጃ ነው።

ጥሪ ከየት ይመጣል?

የሃርሊውን 43 አቤቱታ አስታውሱ። ያን ሁሉ ሞተር ያስጠራው የባለቤቶች ጽሑፍ ነው። እኛ ጋ ተመሳሳይ ችግር ቢኖር እያንዳንዱ ለየራሱ መካኒክ ነግሮ ያልፋል። መካኒኩ በሽቦ ያስራል፣ ይሄዳል። ቡራዩ ያለው ገላን ያለው ላይ ምን እንደደረሰ አያውቅም። ፋብሪካው ደግሞ ጭራሽ አይሰማም፤ መንገዳችን፣ ጭነታችን፣ ከፍታችን ከሱ የሙከራ ሜዳ ጋር እንደማይመሳሰል የሚነግረው የለም።

የተራ ማኅበር ያላችሁ አንድ ደብተር ጀምሩ። ፍሬን የጠፋበት፣ ፎርኬታው የተሰነጠቀ፣ ቸርኬው የተሰበረ ሁሉ ይጻፍበት። ሞዴሉ፣ ሻንሲ ቁጥሩ፣ የሄደው ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰው ወይም ምን ያህል ኩንታል ጭኖ እንደነበር፣ መንገዱ ዳገት ይሁን ቁልቁለት፣ ዕቃው ኦርጅናል ይሁን የተቀየረ። የተሰበረው ዕቃ ፎቶ ይነሳ፤ ስብራቱ ትኩስ ብረት ይሁን ዝገት ያለበት እንዲታይ በቅርበት። ተመሳሳይ ነገር ሦስት አራት ሞተር ላይ ከታየ ለአስመጪው በደብዳቤ ይሰጥ። ግልባጩ ለአምራቹ ኢሜይል ይላክ፤ ሌላው ግልባጭ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ። ደብዳቤው ላይ «የተቀበለ» የሚል ፊርማና ቀን አስደርጉበት።